ወለድ መውሰድ ኃጢአት ነውን? ጥንታዊው ቃል ለዛሬው ብድር ሲነበብ

ለንስሐ አባትም ሆነ ለመስጊድ ኢማም ደጋግመው ከሚቀርቡ ጥያቄዎች አንዱ የባንክ ወለድ ነው። ጠያቂው መልሱን ባጭሩ ይፈልጋል፤ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? መላሹም ጊዜ ካጠረው አንድ ጥቅስ ጠቅሶ ያሰናብተዋል። በመካከሉ የሚዘለለው ነገር ግን ከጥያቄውም ከመልሱም ይከብዳል። መጎናጸፊያውን አስይዞ እህል ይበደር ለነበረ ገበሬ የተነገረ ትእዛዝ፣ የቁጠባ ሒሳብ ለከፈተ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም በስልኩ ብድር ለሚጠይቅ ወጣት የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

ቅዱሳት መጻሕፍት ለዘመኑ ማኅበራዊ ጉዳይ ምን ይላሉ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሴቶች ድርሻ ወይም ስለ ሕክምና የሚነሡትን ሙግቶች ነው። በእነዚያ ላይ ሁሉም አቋሙን ይዞ ስለሚመጣ ጥቅሱ እንዴት እንደተነበበ ቆም ብሎ የሚያይ አይገኝም። የወለድ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አይሁድም፣ ክርስቲያኖችም፣ ሙስሊሞችም በግልጽ የተጻፈ ክልከላ አላቸው፤ ሦስቱም ዛሬ ባንክ ይጠቀማሉ። እንግዲህ ሁሉም ተርጉመዋል ማለት ነው። አብዛኛው ምእመን ግን መቼና እንዴት እንደተተረጎመለት አያውቅም። የአተረጓጎምን ነገር ለማየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ ያለ አይመስለኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያኔ የሚበደረው ማን ነበር?

ኦሪት ዘጸአት 22፥25 ላይ ያለው ትእዛዝ ተበዳሪው ማን እንደሆነ ሳይናገር አያልፍም፤ ድሀ ነው። ከአጠገብህ ለሚኖር ድሀ ስታበድር አራጣ አትጫንበት ይላል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነገሩን ይበልጥ ያቀርበዋል። የሰውየውን ልብስ በመያዣነት ከወሰድህ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስለት፤ ሌሊት የሚለብሰው ሌላ የለውምና። ዘሌዋውያን 25፥35 ደግሞ “ወንድምህ ቢደኸይ” ብሎ ይጀምራል። እዚህ ላይ የተፈለገው ብድር ሱቅ ለማስፋት ወይም ፋብሪካ ለመትከል አይደለም። እስከሚቀጥለው መከር የሚያደርስ ቀለብ፣ ለዘር የሚሆን እህል ነው።

የዘመኑ የወለድ መጠን ምን ያህል እንደነበር ከጎረቤት አገር ማየት ይቻላል። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ሕግ ለብር ብድር ከመቶ 20፣ ለእህል ብድር ደግሞ ከመቶ 33 ከሲሶ ገደማ ያህል ይፈቅድ ነበር። በዚህ ስሌት አንድ ክረምት ዝናብ የቀረበት ገበሬ መሬቱን ያስይዛል፤ በሁለተኛው ልጁን። ይህ ግምት አይደለም፤ ነህምያ ምዕራፍ 5 ላይ ሕዝቡ የሚጮኸው ይህንኑ ነው። እርሻችንንና ወይናችንን አስይዘናል፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችን ባሮች ሊሆኑ ነው ይላሉ። ነህምያም ታላላቆቹን ሰብስቦ በአደባባይ ይገሥጻቸዋል፤ መሬቱንም ከመቶ አንድ እያሉ የሚያስከፍሉትንም እንዲመልሱ ያደርጋል።

በዓረብ ምድር የነበረውም ልማድ ከዚህ አይርቅም። ቀጠሮው ሲደርስ አበዳሪው ለተበዳሪው ሁለት ምርጫ ይሰጠው ነበር፤ ክፈል፣ አለበለዚያ ዕዳህን ጨምርልኝ። እንዲህ እየተባለ ዕዳው ይታጠፋል። ቁርኣን 3፥130 ላይ እጥፍ ድርብ እየሆነ የሚያድገውን ሪባ (ወለድ፣ አራጣ) አትብሉ የሚለው ይህን አይነቱን ነው። ነቢዩ ሙሐመድ በስንብት ንግግራቸው ያለፈውን ዘመን ሪባ በሙሉ ሲሽሩ የመጀመሪያው የተሻረው የገዛ አጎታቸው የአባስ ያበደሩት ነበር።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መደምደም ቀላል ነው። ክልከላው የመጣው ድሀን ለመጠበቅ ስለሆነ ባንክን አይመለከትም ብሎ መጽሐፉን መዝጋት ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ይህን ያደርጋል። ጽሑፉ ራሱ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 14 በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረውን ሰው ሲገልጽ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር ይለዋል፤ ለድሀ ነው ለባለጸጋ አይልም። ሕዝቅኤል 18 እንዲሁ። ቁርኣን 2፥275 ደግሞ “ንግድም እንደ ሪባ ነው” የሚሉ ሰዎችን ቃል ያነሣና አላህ ንግድን ፈቅዶ ሪባን ከልክሏል ብሎ ይመልሳል። “የገንዘብ ኪራይ ከዕቃ ትርፍ በምን ይለያል?” የሚለው የዘመኑ ሰው ክርክር ያኔም ነበረ ማለት ነው። ታሪካዊውን ሁኔታ ማወቅ ጥቅሱን ለመረዳት ይረዳል፤ ጥቅሱን ለማሰናበት ግን ብቻውን አይበቃም።

የዳቦ ብድር

ጽሑፉን ብቻ ይዘን እንፍረድ ያሉ ወገኖች በታሪክ አልጠፉም። ከአይሁድ ቀራውያን፣ ከሙስሊሞች ዛሂሪዎች ይህን መንገድ ሞክረዋል። አብዛኛው ሊቅ ግን ያለ ትርጓሜ አንብቦ አያውቅም። የእኛዎቹ የብሉይና የሐዲስ መምህራን “አንድም” እያሉ አንዱን ቃል በሁለትና በሦስት መንገድ ሲያወርዱ፣ ጽሑፍ ብቻውን እንደማይናገር በሥራቸው እያሳዩ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ሂሌል ነው። ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ቀደም ብሎ የኖረ የአይሁድ ሊቅ ሲሆን፣ ሚሽና በተባለው የሕግ መድበል ውስጥ ስለ ዳቦ የሰጠው ፍርድ ተጽፏል። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ዳቦ ስታበድር መጀመሪያ ዋጋውን በገንዘብ ትወስን ይላል። ለምን? ስንዴ ቢወደድ የምትመለስላት ዳቦ ካበደረችው ይበልጥ ታወጣለች፤ ያ ልዩነት ወለድ ይሆናል። በእኛ መንደር ብናስበው “እትዬ፣ አምስት እንጀራ ያበድሩኝ፣ ነገ ስጋግር እመልሳለሁ” የምትል ጎረቤት ሁሉ ጤፍ በጨመረ ሳምንት አራጣ ከፋይ ልትሆን ነው። ሌሎቹ ሊቃውንት ይህን አልተቀበሉትም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይሰላ ይበዳደር አሉ። ሕጉም በእነሱ በኩል ጸና።

ይኸው ጥንቁቅ ሂሌል በሌላ ጉዳይ ላይ ፈጽሞ ተቃራኒ የሚመስል ነገር አደረገ። ዘዳግም 15 በየሰባተኛው ዓመት ዕዳ ይሰረዝ ይላል። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 9 ላይ ደግሞ ሰባተኛው ዓመት ቀርቧል ብለህ ድሀውን ወንድምህን እንዳትነፍገው ተጠንቀቅ ይላል። በሂሌል ዘመን የሆነው ልክ ይኸው የተፈራው ነገር ነበር፤ ዓመቱ ሲቃረብ አበዳሪዎች እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ድሀው የሚበደርበት አጣ። ሂሌልም ፕሮዝቡል የተባለ ሰነድ ደነገገ። አበዳሪው ዕዳውን ለፍርድ ቤት ያስተላልፋል፤ ስረዛው በግለሰብ አበዳሪ ላይ እንጂ በፍርድ ቤት ላይ ስለማይወድቅ ዕዳው ይጸናል፣ ብድሩም ይቀጥላል።

ሕጉን አፈረሰው ወይስ አዳነው? በቃሉ ካየነው አፍርሶታል፤ በሰባተኛው ዓመት የሚሰረዝ ዕዳ አልቀረም። ቁጥር 9ን ካስቀደምን ግን ድሀው ብድር እንዲያገኝ ያደረገው እሱ ነው። ለእኔ የአተረጓጎም ሥራ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ይታያል። ጥንታዊ ጽሑፍን ለዘመን ጉዳይ የሚያውል ሰው ከጥቅስና ከዘመን መካከል ብቻ አይመርጥም፤ ከጥቅስና ከጥቅስ መካከል ይመርጣል። “እኔ መጽሐፉን ብቻ ነው የምከተለው” የሚል ሰው የትኛውን ቁጥር እንዳስቀደመ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ገደማ፣ በፖላንድ ያሉ አይሁድ ሄቴር ኢስካ የተባለ የውል ዓይነት አዘጋጁ። አበዳሪው አበዳሪ መባሉ ይቀርና የሥራው ሸሪክ ይሆናል፤ የሚቀበለውም ወለድ ሳይሆን የትርፍ ድርሻ ይባላል። ሥራው ከስሯል የሚል ተበዳሪ ኪሳራውን ማስረጃ አቅርቦ ማረጋገጥ አለበት፤ ካልቻለ የተስማሙበትን ይከፍላል። ዛሬ በእስራኤል ያሉ ባንኮች ይህን ውል ተቀብለው ይሠራሉ፤ በየቅርንጫፎቻቸውም ተለጥፎ ይታያል።

ከጎንደርና ከትግራይ በ1984-85 እና በ1991 ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል እንዲህ ያለውን የረቢዎች ሕግ ያገኙት እዚያ ደርሰው ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት በግዕዝ ኦሪት እያነበቡ፣ ቄሶቻቸው እየዳኙ፣ ታልሙድ የተባለው የረቢዎች የሕግና የትርጓሜ መድበል ሳይኖራቸው ኖረዋል። በሰንበት እሳት አታንድዱ የሚለውን ቃል ይዘው ቀዝቃዛ ምግብ ይበሉ የነበሩ ሰዎች፣ ከዓርብ በተለኮሰ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ትኩስ ወጥ የሚበላ ሃይማኖተኛ ጎረቤት አጋጠማቸው። ኦሪቱ አንድ ነው፤ የነበረው ልዩነት ከኦሪቱ በኋላ የተጨመረው የትርጓሜ ክምችት ነው።

ከኒቅያ እስከ ጄኔቫ

የክርስቲያኖቹ መንገድ ረጅም ነው፤ ዋና ዋናውን ብቻ ልጥቀስ። ሉቃስ 6፥35 ምንም ሳትጠብቁ አበድሩ ይላል። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ17ኛው ቀኖናው ወለድ የሚወስድ ካህን ከሹመቱ ይሻር ብሎ ሲወስን የጠቀሰው ያንኑ መዝሙር 14ን ነው። ቅዱስ ባስልዮስም በዚሁ መዝሙር ላይ ተነሥቶ አበዳሪዎችን አጥብቆ ገሥጿል።

ባንክን ለመከላከል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ደግሞ ማቴዎስ 25፥27 ነው፤ ጌታው ሰነፉን ባሪያ “ገንዘቤን ለለዋጮች ልትሰጠው ይገባ ነበር” ብሎ ትርፉን የሚጠይቅበት። በዚህ ጥቅስ ላይ እንዲህ መደገፍ የሚያዋጣ አይመስለኝም። በምሳሌ ውስጥ ያለ ሰው የተናገረው ሁሉ ትእዛዝ ከሆነ በሉቃስ 18 ያለው እግዚአብሔርን የማይፈራ ዳኛም አርአያ ሊሆነን ነው። ምሳሌው የተነገረው ስለ ትጋት ነው፤ ስለ ባንክ ሕግ ልናወጣበት አንችልም።

በመካከለኛው ዘመን ምዕራባዊቱ ቤተ ክርስቲያን ክልከላውን እያጠበቀች ሄደች። የ1179ኙ የላተራን ጉባኤ ወለድ በመውሰድ የታወቀ ሰው እንዳይቆርብ፣ ሲሞትም በክርስቲያን ሥርዓት እንዳይቀበር ወሰነ። የ13ኛው መቶ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ምክንያቱን በፍልስፍና ሲያስረዳ ለገንዘብ ወለድ መጠየቅ ወይን ሸጦ ለመጠጣቱ ደግሞ ለብቻ እንደማስከፈል ነው አለ። ድሀው ግን አሁንም ይበደር ነበር። ፍራንሲስካውያን መነኮሳት በ1462 በጣሊያን ፔሩጃ ከተማ ለድሆች በመያዣ የሚያበድር ተቋም ከፈቱ፤ ወጪያቸውን ለመሸፈን ጥቂት ያስከፍሉ ስለነበር ይህ ወለድ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመት ቀጠለ። በ1515 ጉባኤ ፈቀደላቸው። ድሀን ለመጠበቅ የወጣውን ሕግ ያላላው ድሀን ለመርዳት የተነሣ ተቋም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የጄኔቫው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ ካልቪን በ1545 በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ገልብጦ አየው። የእስራኤል ሕግ ለዚያ ሕዝብ አኗኗር የተሰጠ ነው፤ ለእኛ የሚጸናው በውስጡ ያለው ፍትሕና ፍቅር ነው አለ። ከድሀ ወለድ አይወሰድም፤ በብድሩ ከሚነግድና ከሚያተርፍ ሰው ግን መጠነኛ ወለድ መውሰድ አይከለከልም። በስሙ የሚጠቀሙት ብዙዎች ሁለተኛውን ግማሽ ወስደው የመጀመሪያውን ትተውለታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1745 እንኳ ክልከላዋን አድሳ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ወለድ የሚወስዱ ምእመናንን አታስጨንቁ የሚል መልስ መስጠት ጀመረች። የ1983ቱ የቀኖና ሕጓ የቤተ ክርስቲያን ንብረት አስተዳዳሪዎች የብድር ወለድ በወቅቱ እንዲከፍሉ ያዝዛል።

በእኛ አገር ፍትሐ ነገሥት ስለ ብድር፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስ የሚደነግግ ክፍል አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ተዋዋዮች በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል፤ ባንኮች ለብቻው በሚወጣ መመሪያ ይተዳደራሉ። የወንጀል ሕጉ አራጣን የሚቀጣው መጠኑን ብቻ አይቶ አይደለም። የተበዳሪውን ችግር፣ ጥገኝነት ወይም የልምድ ማነስ መሣሪያ አድርጎ መጠቀሙን ያያል። ዓለማዊው ሕግ አውጪ ከዘጸአት አልጠቀሰም፤ የጠየቀው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ ተበዳሪው በምን ሁኔታ ላይ ነበር?

ስድስቱ ዕቃዎችና ጤፍ

በሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ ሙሐመድ በተላለፉት ቃሎች ውስጥ፣ ስድስት ነገሮች ተቆጥረዋል፤ ወርቅ፣ ብር፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ተምርና ጨው። እነዚህ በዓይነታቸው ሲለወጡ እኩል በእኩል፣ እጅ በእጅ ይሁን ተብሏል። እንግዲህ ጤፍ የለችበትም። አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ በአንድ ኩንታል ተኩል ሰርገኛ ጤፍ መለወጥ ይቻላል?

መልሱ ስድስቱ የተቆጠሩት በምን ምክንያት ነው በሚለው ላይ ያርፋል። ዛሂሪዎች የተቆጠሩት እነዚህ ብቻ ስለሆኑ ሌላው ነጻ ነው ይላሉ፤ በዚህ ቢሄዱ የጤፉ ልውውጥ ይፈቀዳል። የሐነፊ ሊቃውንት የጋራ ምክንያታቸው መሰፈርና መመዘን ነው ይላሉ፤ ጤፍ ይሰፈራል፣ ስለዚህ ይከለከላል። የሻፊዒ ሊቃውንት አራቱ ምግብ በመሆናቸው፣ ወርቅና ብር ደግሞ የዋጋ መለኪያ በመሆናቸው ነው ይላሉ፤ ጤፍ ምግብ ነው፣ እዚህም ይከለከላል። ቂያስ የሚባለው ይህ ነው፤ ምክንያቱን ፈልጎ ተመሳሳዩን መመዘን። በአገራችን የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ ትምህርት መንገዶች) ስለሚያመዝኑ ባለ ጤፉ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ አይለውጥም።

ታዲያ የጥራት ልዩነቱ ከንቱ ይቅር? ለዚህም መልስ አለ። የነቢዩ ባልደረባ ቢላል አንድ ጊዜ ሁለት ቁና ዝቅተኛ ተምር ሰጥተው አንድ ቁና ምርጥ ተምር ይዘው በመጡ ጊዜ ነቢዩ ይህ ሪባው ራሱ ነው አሏቸው፤ ያንተን በገንዘብ ሽጥ፣ በገንዘቡ የምትፈልገውን ግዛ። ሰርገኛውን በገበያ ዋጋ ሸጦ ማኛውን በገበያ ዋጋ መግዛት ማለት ነው። ውጤቱ አንድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመካከሉ ገበያ ገብቷል፤ ማንም ማንንም በዓይን ግምት አላታለለም።

የወረቀት ገንዘብ ሲመጣ ክርክሩ እንደገና ተነሣ። ወርቅም ብርም ያልሆነ ወረቀት ከስድስቱ ይቆጠራል? የዋጋ መለኪያ ስለሆነ አዎ ያሉት አሸነፉ። በ1965 በግብፅ ባለው የእስልምና ትምህርት ተቋም በአል-አዝሀር የተሰበሰቡት ሊቃውንት የባንክ ወለድ ሁሉ ሪባ ነው ብለው ወሰኑ። በ1989 ደግሞ በዚያው በግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼህ ታንታዊ የተወሰነ ትርፍ የሚሰጡ የቁጠባ ሰነዶችን ፈቀዱ፤ አስቀማጩ ሊያተርፍ፣ ባንኩ ሊነግድ የተስማሙበት እንጂ ማንም አልተበዘበዘም የሚል ነበር ምክንያታቸው። ብዙዎች አልተቀበሏቸውም።

በጎን ሌላ መንገድ ተከፈተ። በ1963 በግብፅ ሚት ጋምር ወለድ አልባ የቁጠባ ተቋም ተጀመረ፤ በ1975 የዱባይ እስላማዊ ባንክ ተከተለ። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2011 መደበኛ ባንኮች ወለድ አልባ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም በ2021 ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ባንክም ቀጠለ።

በእነዚህ ባንኮች ብዙ የሚሠራበት ውል ሙራበሃ ነው። መኪና የሚፈልግ ደንበኛ ብር አይሰጠውም። ባንኩ መኪናውን ለምሳሌ በ1 ሚሊዮን ብር ገዝቶ ለደንበኛው በ1 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። “ይህማ ወለድ በሌላ ስሙ ነው” የሚል ሰው በየቦታው አለ። በከፊል እውነት ነው፣ በከፊል ደግሞ ውሉን አላነበበም። ባንኩ መኪናውን በእጁ ባስገባባት ጊዜ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን፣ ቢቃጠል የሚቃጠልበት የራሱ ነው። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ ደንበኛው ቢዘገይም አያድግም፤ “ክፈል ወይም ጨምር” የሚለው በር ተዘግቷል። ማዘግየትን ለመከላከል ቅጣት ቢጣል እንኳ በተለመደው አሠራር ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል እንጂ የባንኩ ትርፍ አይሆንም። ዕቃው ከማንም እጅ ሳይገባ ወረቀት ብቻ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ግን ልዩነቱ የስም ይሆናል። ይህን የሚሉት ውጭ ያሉ ተቺዎች ብቻ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ሕግ አካዳሚ በ2009 ባንኮች ራሳቸው አቀናብረው የሚያካሂዱትን፣ ደንበኛው ዕቃ በዱቤ ገዝቶ ወዲያው በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥበትን አሠራር አይፈቀድም ብሎ ወስኗል።

ከመቶ ስንት በሚለው ክርክር የተሸፈኑት

በመጽሐፎቹ ዘመን አበዳሪው ባለጸጋ፣ ተበዳሪው ድሀ ነበር። የዛሬው ባንክ ይህን ሥዕል ገልብጦታል። ለባንኩ የሚያበድሩት ደመወዛቸውን የሚያጠራቅሙ ሠራተኞችና ጡረተኞች ናቸው፤ ከባንኩ ትልቁን ገንዘብ የሚወስዱት ደግሞ ነጋዴዎችና ድርጅቶች። በ2022 በኢትዮጵያ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ባንክ ለቁጠባ እንዲከፍል የተደነገገው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠች መምህርት በዓመቱ 107 ብር አገኘች፤ በ100 ብር ትገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130 ሆኗል። ሰባቷን ብር አራጣ በላሽ የሚላት ሰው የሂሌልን የዳቦ ጥያቄ ገልብጦ ሊመልስላት ይገባል። በእህል ቢሰላ ያበደረችው አልተመለሰላትም። የተጎዳው ማን ነው ብሎ ሳይጠይቅ ቁጥር ብቻ የሚያይ አተረጓጎም እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ክርክሩ ሁሉ ከመቶ ስንት በሚለው ላይ ሲያተኩር ስለ አበዳሪው ጠባይ የተጻፉት ቁጥሮች ተሸፍነው ቀርተዋል። እነሱ ግን ለዛሬ ለማዋል ከሁሉም የቀለሉ ናቸው። ዘዳግም 24፥6 ወፍጮ መያዣ እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ ሰውየው የሚበላበት መሣሪያ ነውና። የልብስ ስፌት መኪናዋን አስይዛ የተበደረች ሴት መኪናው ከተወሰደባት በምን ሠርታ ትከፍላለች?

ዘሌዋውያን 25 ላይ ያለው የኢዮቤልዩ ዓመት መሬት ለባለቤቱ የሚመለስበትና ባሪያ ነጻ የሚወጣበት ነው። በቀጥታ ሥራ ላይ የሚያውለው አገር የለም፤ ነገር ግን በ1990ዎቹ የድሀ አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ የተነሣው ዘመቻ “ኢዮቤልዩ 2000” ብሎ ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። በ1998 ባለጸጎቹ አገሮች በእንግሊዝ በርሚንግሃም ሲሰበሰቡ 70 ሺህ ያህል ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ከተማውን ከበበ። ኢትዮጵያም ለከባድ ባለዕዳ አገሮች በተዘጋጀው ፕሮግራም የመጨረሻውን ደረጃ በ2004 ደርሳ ከተሰረዘላቸው አንዷ ሆነች። የጥቅሱ ቃል ስለ መሬት ነበር፤ ዘመቻው የወሰደው ትውልድ በወላጁ ዕዳ ለዘላለም አይታሰር የሚለውን ነው። ያላግባብ የተወሰደ አይመስለኝም።

ከሁሉም የምወደው ዘዳግም 24፥10-11 ነው። ለባልንጀራህ ስታበድር መያዣውን ለመውሰድ ወደ ቤቱ አትግባ ይላል፤ በሜዳ ቁም፣ እሱ ያውጣልህ። አበዳሪው ገንዘቡን አላጣም፣ መያዣውንም ያገኛል። የተከለከለው ደፍሮ መግባትን ነው፤ ሰውየው በልጆቹና በሚስቱ ፊት ቤቱን እንዳይበረበር ነው።

ይህን በጎረቤታችን በኬንያ የሆነውን ይዘን እናንብበው። በስልክ መተግበሪያ የሚያበድሩ ድርጅቶች ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት የተበዳሪውን የስልክ ቁጥሮች ዝርዝር ይወስዱ ነበር። ክፍያው ሲዘገይ ለአለቃው፣ ለእናቱ፣ ለጓደኞቹ እየደወሉ ባለዕዳ ነው ይላሉ። መያዣው ሳይነካ በሩ ተሰበረ፤ የገቡት ግን በስልኩ በኩል ነው። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ደንብ ተበዳሪን ማስፈራራትንና በስልኩ ውስጥ ላሉ ሰዎች እየደወሉ ማዋረድን ከለከለ። እዚህ ላይ ስለ ወለድ መጠን የተለያዩ ሊቃውንት ሁሉ አንድ ቃል ሊናገሩ ይችላሉ፤ ሰው መሆን ብቻ የሚጠይቅ ጉዳይ ነውና።

ቁርኣን 2፥280 ደግሞ ሪባን ከሚከለክሉት አንቀጾች ጋር ተያይዞ የሚነበብ ነው፤ ተበዳሪው በችግር ላይ ከሆነ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ ይሰጠው፣ ብትተዉለት ደግሞ ይሻላችኋል ይላል። ወለድ አልባ ሆነ ባለ ወለድ፣ አንድ ሰው የብድር ውል ከመፈረሙ በፊት ሥራ ቢያጣ፣ ቢታመም ወይም ሰብሉ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጎ ማንበብ ይችላል። በብዙ ውሎች ውስጥ ይህ አንቀጽ ስለ መዘግየት ቅጣት ከሚናገረው በጣም ያጠረ ነው፤ በአንዳንዱም ፈጽሞ የለም።